የማንን ደጅ ልጥና

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ቅዳሜ ማለዳ ከቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ ራሳቸው የመጨረሻውን እርከን ተንተርሶ፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር የትናየት ስልኩ ሲደወልላት ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። በፖሊስነት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች፤ ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቃ ሦስቱንም ጊዜ «ይታያል» ተብላለች፤ እስካሁን ያየው የለም። ከጦርነቱ ወዲህ ላሊበላ ሞት ሲባል መደንገጥ የተወ ከተማ ነው። እሷንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሟቹ ይልቅ ዳገቱ ነበር ያሳሰባት። ጉልበቷን እያሻሸች ወጣችው።

ቤቱ የድሮ የላስታ ቤት ነው፤ በቀይ ድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ፎቅ ያለው። ምድር ቤቱ የእህል ማስቀመጫ ሲሆን ወደ ላይኛው ክፍል የሚያስወጣው ደረጃ ከውጭ ግድግዳውን ተጠግቶ ይዞራል፤ መደገፊያ የለውም። ጎረቤቱ ነገሩን ቋጭቶ ነበር የጠበቃት። ሰውየው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ወደቁ፣ በቃ። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪምም ዓርብ ከአሥራ አንድ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሳይሞቱ አልቀሩም፣ የኋላ ጭንቅላታቸው ተመትቷል፣ ከመውደቅም ሊሆን ይችላል ብሎ ጓንቱን አወለቀ። የትናየት እንዲያ ቢሆንላት ደስታዋ ነበር። አንድ ገጽ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ተመልሳ ቁርሷን ትበላ ነበር።

ዳሩ ግን ዓይኗ ጫማው ላይ አረፈ። አሮጌ የቆዳ ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ሁለቴ ተቋጥሮ ጥብቅ ብሏል።

ሬሳውን ያገኘችው ፍሬ አጠገቧ ቆማለች። ፍሬ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሥራውን የተማረችው ከመሪጌታ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት የሚቀርበውን መዝገብ ልትረከባቸው መጥታ ነው ያገኘቻቸው።

«ፍሬ፣ መሪጌታ ጣታቸውን ያማቸው አልነበር?»

«ቁርጥማት ነበረባቸው። እስክሪብቶ መያዝ እንኳ ያስቸግራቸው ነበር።»

«ታዲያ ይህን ማን አሰረላቸው?»

ፍሬ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እንደ መንቃት አለችና፣ መሪጌታ ማሰሪያ አስረው እንደማያውቁ፣ ወደ ውስጥ ሸጉጠው እንደሚሄዱ ተናገረች። «ደግሞስ» አለች «እዚህ ደረጃ ላይ በጫማ ወጥተው አያውቁም። መዝገቡ እላይ ነው ያለው።»

የመዝገቡን ነገር የትናየትም በወሬ ታውቀዋለች። ጦርነቱ ከተማውን ሲደርስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሲዘረፍ፣ መሪጌታ የመያዣ መዝገቡን በጆንያ ከተው ቤታቸው ወስደው ከጤፍ ሥር ቀብረውት ነበር። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሁሉ ስሙ እዚያ ውስጥ አለ፤ አበዳሪው መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍም የሚጻፈው እዚያው ነው። ሰላም ሲወርድ ጡረታ ወጡ፤ የመዝገብ ክፍሉ በር ግን እስካሁን ስላልተሠራ መዝገቡ እሳቸው ዘንድ ቀረ። ሊያየው የመጣን ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ጫማውን እታች ያስወልቁታል። «የስንት ሰው ቤት ያለበት መጽሐፍ ነው፤ በጫማ አይገባበትም» ይሉ ነበር።

የትናየት ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ላይኛው ክፍል ውስጥ ሁሉም በቦታው ነበር። መዝገቡ አትሮንሱ ላይ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ከጎኑ ተቀምጧል። ወለሉ መካከል ላይ አጎዛ ተነጥፏል። የአጎዛ ቦታው ከግድግዳ ሥር ነው፤ ማንም ሰው መሐል ቤት ላይ አጎዛ አያነጥፍም። በጣቷ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ከሥሩ የእጅ መዳፍ የምታህል የደረቀ ደም አለች። የትናየት አጎዛውን እንደነበረ መለሰችው። ቁርሱ ቀረ ማለት ነው።

---

ሰኞ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ጉዳይ የወይዘሮ ብርቅዬ ቤት ነው። ብርቅዬ ባሏ የሞተባት፣ ከሦስት ልጆቿ ጋር አንዲት ግቢ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ለእንግዳ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ለመሥራት ቤታቸውን አስይዞ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደረ። ክፍሎቹ አለቁ፤ እንግዳው ቀረ። በመጨረሻ ማኅበሩም ፈረሰ። ሲፈርስ ግን ያልተከፈሉትን ብድሮች ከነመያዣቸው ለሰዎች አስተላልፎ ነበርና፣ ዛሬ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው «ያንን ቤት በሐራጅ የማሸጥ መብት የኔ ነው» ብለው ቀርበዋል። አንዱ የጋሸናው የበግ ነጋዴ አቶ አባስ ነው። ሌላው ከብርቅዬ ግቢ በላይ ያለው ሆቴል ባለቤት አቶ ታፈረ ነው። ሁለቱም ውል አላቸው። ዳኛው «ቀድሞ መዝገብ ላይ የሰፈረው ባለመብት ነው፤ መዝገቡ ይምጣ» ብለው አዘዙ።

የትናየት መጀመሪያ የሄደችው ብርቅዬ ዘንድ ነው፤ ዓርብ በአሥር ሰዓት ከመሪጌታ ደረጃ እያለቀሰች ስትወርድ ሰው አይቷታልና። ብርቅዬ አልካደችም። በሩ ላይ ተቀምጣ፣ መቀነቷን እየፈታች እየቋጠረች፣ የሆነውን ሁሉ ተናገረች።

«ገጿን ቅደዱልኝ ብዬ ለመንኋቸው። አንቱ መሪጌታ፣ ጦርነቱ በላው ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል አልኋቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ላንቺ ብዬ ገጽ ከቀደድሁ፣ ነገ ባንቺ ላይ ጻፍልኝ ለሚለኝም እሺ ማለቴ ነው አሉኝ። እንባዬን አይተው እሳቸውም አለቀሱ። ግን አልቀደዱም።»

«ከዚያ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ልጆቼ ናቸው ምስክሬ፤ የልጅ ምስክርነት ካስቆጠረ።» ቀና ብላ አየቻት። «ዕዳ የለብኝም አላልሁም እኮ፣ እህቴ። ሁለት ሰው ቤትሽን አሸጣለሁ ይለኛል። አንዱን ብለምነው ሌላው መቼ ለሱ ሆነና ይላል። የማንን ደጅ ልጥና? ይህንን እንኳ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ።»

የትናየት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ሴትየዋ ለመግደል ምክንያት አላት፤ መዝገቡ ቢጠፋ የምትጠቀመው እሷ ብቻ ናት። ይህንን እያሰበች መሆኑ ራሱ አሳፈራት፤ ግን ሥራዋ ነው።

አቶ አባስን ገበያ ውስጥ ከበጎቹ መካከል አገኘችው። ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ማኅበሩ ሲፈርስ ለዓመታት ያጠራቀመውን ቁጠባ በገንዘብ መመለስ አቅቶት በምትኩ የብርቅዬን ብድር ከነመያዣው እንዳስተላለፈለት ነገራት። ያስመዘገበው በሰኔ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው፤ ጦርነቱ ከተማውን ሊደርስ ሲል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በስምንት ሰዓት ሄዶ ጫማውን እታች አውልቆ መስመሩን አይቷል።

«ከኔ በፊት በዚያ ቤት ላይ የተጻፈ አልነበረም። ገጽ በገጽ ነው ያሳዩኝ፤ ወላሂ።»

«ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም ምስክርነት ነው፣ አቶ አባስ።»

«እውነት ሆኖ ቢጠቅመኝስ ምን ላድርገው?» አለና አንዱን በግ በቀንዱ ይዞ መለሰው።

አቶ ታፈረ በበኩሉ ባዶ ሆቴሉ ውስጥ፣ ሃያ ባዶ ጠረጴዛ መካከል፣ ሸሚዙን ተኩሶ ተቀምጦ ነበር። ሆቴሉን የገዛው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ኑሮው ወልድያ ነበር። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ለንግድ ላሊበላ እየተመላለሰ ሳለ ውሉን እንደያዘ፣ በዚያው ዓመት እንዳስመዘገበ፣ የመሪጌታን ቤት ግን ረግጦ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዳት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ነበር። ዘበኛው ሲገባ አይቶታል፤ ሲወጣ አላየውም። ሆቴሉ ግን የጓሮ በር አለው፤ ከጓሮው እስከ መሪጌታ ቤት ያለው መንገድም አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«መዝገቡን ይክፈቱት፣ ኢንስፔክተር። ያለውን ይናገራል» አለ ታፈረ ሲሸኛት።

ከፈተችው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቢሮዋ ውስጥ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። የመሪጌታ አሠራር ቀላል ነበር፤ ባለጉዳዩ ቀኑንና ጉዳዩን በገዛ እጁ በአንድ መስመር ይጽፋል፣ እሳቸው ከዳር በአጭሩ ይፈርማሉ። ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት የተጻፈ የሌላ ሰው ጉዳይ አለ። ከሱ ቀጥሎ በገጹ የመጨረሻ መስመር የታፈረ ስም፣ የብርቅዬ ቤት፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምረው በጥር ሁለት ነው። የአባስ መስመር ከዚያ በጣም ርቆ ይገኛል። እንግዲህ አባስ ዋሽቷል፣ ወይም ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ያ መስመር ባዶ ነበር። ፊርማው የመሪጌታን ይመስላል። ቀለሙም ያው ሰማያዊ ነው፤ ማንም የሚገዛው ሰማያዊ።

እግሯ ስላበጠ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀች። ያን ጊዜ ነው እግሯ ራሱ አንድ ነገር ያስታወሳት። እንዲህ ያበጠበት ሌላ ቀን ነበር፤ መስመሩ ላይ በተጻፈው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ የተረኛ ሰሌዳ ላይ በተሠራ ስህተት የተነሳ ሃያ ሰዓት የቆመችበት። ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ለፍሬ ደውላ የሁለት ሺህ አሥራ ሁለትን የግድግዳ ካሌንደር ከየትም ብላ እንድታገኝላት ጠየቀቻት።

---

እሑድ ከቀብር መልስ አራቱንም ወደ መሪጌታ ቤት ጠራቻቸው። እሷ ከደረጃው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ታፈረ ቀድሞ ደረሰ፤ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ቀጥሎ አባስ መጣ፤ ግድግዳውን ይዞ ጫማውን አወለቀ። ብርቅዬ የላስቲክ ጫማዋን ከአባስ ጫማ አጠገብ አስቀመጠች። ፍሬም እንዲሁ። የሚያዛቸው ሰው አልነበረም። የትናየት የሷን ጫማ ከነሱ ጎን አስቀምጣ ተከተለቻቸው፤ አብሯት የመጣው ፖሊስም ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

ውስጥ ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። የትናየት መልሳ ያመጣችው መዝገብ አትሮንሱ ላይ ነው። የትናየት ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሰው የቤት አስቤዛ እንደሚዘረዝር ያህል፣ ጀመረች።

«መሪጌታ ከደረጃ አልወደቁም። እዚህ መሐል ቤት ነው የሞቱት፤ ደማቸው በአጎዛ ተሸፍኗል። የገደላቸው ሰው አውርዶ ደረጃው ሥር አስተኛቸው። ሲወርድ ጫማቸውን እታች ተቀምጦ አገኘው። ባዶ እግሩን ደጅ የወደቀ ሽማግሌ ሰው ያጠራጥራል ብሎ አሰበ፤ አጠለቀላቸው፣ አጥብቆም አሰረው። እዚህ ደረጃ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ፣ ሲወጣም ሲወርድም ቢወድቅ፣ በባዶ እግሩ እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው ነው ይህንን ያደረገ።»

የትናየት ወደ እግራቸው ተመለከተች፤ የሷን ዓይን ተከትለው ሁሉም ተመለከቱ። ከአምስት ሰው ባዶ እግር መካከል አንድ ጥንድ ጥቁር፣ በደንብ የተወለወለ ጫማ ነበር።

«የመጀመሪያዬ ነው» አለ ታፈረ። «ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም ብዬዎት ነበር። አለማወቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። የሚያውቁትን ሦስቱን ግን ነፃ ያወጣቸዋል። ወደ መዝገቡ እንሂድ። ገዳዩ መዝገቡን አልወሰደውም፣ አልቀደደውም። ወይዘሮ ብርቅዬ ቢሆኑ እሳት ይከቱት ነበር። እንዲገኝ፣ እንዲከፈት፣ እንዲነበብ የፈለገ ሰው ነው። እስቲ፣ አቶ ታፈረ፣ ያስመዘገቡበትን ቀን ያጫውቱን።»

ታፈረ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳይቸኩል ነገራት። ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነበር፤ በማግሥቱ ገና ስለሆነ ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ በአራት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ከተማው ጭር ብሏል። መሪጌታ ብቻቸውን ነበሩ፤ ፈረሙለት፣ መልካም በዓል ተባብለው ተለያዩ።

ተናግሮ ሲጨርስ ብርቅዬና አባስ ተያዩ። መጀመሪያ የተናገረችው ብርቅዬ ናት፤ ድምፅዋ ከሐዘን በቀር ምንም የለበትም።

«የዚያን ዓመት ገና በሃያ ስምንት ነው የዋለ። ዘመነ ዮሐንስ ነበራ። መሪጌታን በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ፤ ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል ጧት ገደሉ አፋፍ ላይ ከካህናቱ ጋር ቆመው ነበር።»

«ልክ ናት» አለ አባስ። «በግ የሸጥሁት በሃያ ሰባት ነው። በሃያ ስምንት በግ ይዤ ብመጣ ማን ይገዛኝ ነበር? የኔ ቢጤ ነጋዴ ያችን ቀን አይስታትም።»

የትናየት ፍሬ ያመጣችውን ያረጀ ካሌንደር ከመዝገቡ አጠገብ ዘረጋችው። በአራት ዓመት አንዴ በዓሉ በአንድ ቀን ቀደም እንደሚል ሁሉም ያውቃል፤ የትኛው ዓመት እንደነበር ግን የሚያስታውሰው ያ ቀን የነካው ሰው ብቻ ነው። እሷን የነካት በእግሯ ነው። የተረኛ ሰሌዳው ላይ በዓሉ በሃያ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፎ፣ ተረኞቹ ሳይመጡ ቀርተው፣ ካሏት ሰባት ሰዎች ጋር ያንን ሁሉ ሕዝብ ስትጠብቅ ውላ አድራለች።

«ቀኑን ተሳስቼ ጽፌ ይሆናል» አለ ታፈረ። «በሃያ ሰባት ይሆናላ የሄድሁት፣ በዋዜማው።»

«በዋዜማው ላሊበላ ጭር ይላል?» አለች የትናየት በድካም። «ፍሬ፣ ንገሪያቸው።»

ፍሬ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ማታ ቢሮው ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ለእንግዳ መቀበያ እንደተመደበ፣ እሷ ራሷ ተሳላሚ ስታሳርፍ እንደሰነበተች፣ ቢሮው የተከፈተው በጥር ሁለት እንደሆነ ተናገረች። የስልሳ አንደኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር ባዶ የቀረውም በዚያ ምክንያት ነው። መሪጌታ ከበዓል መልስ አዲስ ገጽ ይጀምሩ ነበር።

«እንግዲህ በዚያች መስመር ላይ የትኛውንም ቀን ቢጽፉ ውሸት ይሆን ነበር» አለች የትናየት። «እርስዎ ደግሞ በዓሉን ላለመንካት ተጠንቅቀው በዓሉ ላይ ወደቁ። የእጅ ጽሑፉ የራስዎ ነው፤ አልካዱም። ፊርማውን የጽሑፍ መርማሪ ያየዋል። አቶ አባስ ዓርብ በስምንት ሰዓት ያላዩት መስመር ቅዳሜ ጧት ተገኝቷል። በመካከሉ የሞተ ሰው አለ።»

ታፈረ ጫማውን አየ። ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ሆቴሉን በዕዳ ነው የገዛው፤ ገዢ ቢያገኝ ሊሸጠው ፈልጓል። ገዢው ግን የብርቅዬ ግቢ የሆቴሉን መግቢያ ስለዘጋው እሱ ካልተጨመረ አልገዛም አለው።

«ገና ስገባ ጫማዬን አዩት፤ ምንም አላሉኝም። ምን እንዳዩ አልገባኝም ነበር» አለ። «አንድ መስመር ብቻ ነው የለመንኋቸው። ባዶ መስመር እኮ ነበር። ማንንም አይጎዳም አልኋቸው። መዝገቡን አቅፈው አሻፈረኝ ሲሉኝ ገፋኋቸው፤ የአትሮንሱ እግር ነው የመታቸው። ልገድላቸው አልመጣሁም።»

ማንንም አይጎዳም ሲል ብርቅዬ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነበር። አላየችውም። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስወጣው፤ የጫማው ድምፅ በደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ተሰማ።

የትናየት መዝገቡን ዘጋችው። የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል። አሁን በዚያ ቤት ላይ መዝገቡ ውስጥ ያለው እውነተኛ መስመር አንድ ነው። መሪጌታ ከዘራፊ ያዳኑት፣ ለሴትዮዋ እንባ ያልቀደዱት፣ የሞቱለትም መዝገብ ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚናገረው ይህንኑ ነው። የምታቀርበውም እሷ ናት። የትናየት በዚህ ሥራዋ ነፍሰ ገዳይ ይዛ ደስ ያላት ቀን ነበር፤ ዛሬ ግን ደስታው ከየትም አልመጣላትም።

«እንግዲህ ከቤቴ የሚያስወጡኝ አቶ አባስ ናቸው ማለት ነው?» አለች ብርቅዬ።

«ዳኛው ካሉ፣ አዎ። መብቱ የሳቸው ነው።»

ብርቅዬ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና አባስ ፊት ቆመች። ጎንበስ አላለችም።

«ከዓመት በላይ የማንን ደጅ እንደምጠና ሳላውቅ ከረምሁ» አለችው። «ዛሬ አወቅሁ። አንቱን ነው የምለምን።»

አባስም ቁጠባው የጠፋበት ሰው ነው፤ ዕዳውን ምሬዋለሁ ብሎ ሊናገር የሚችለው ነገር አልነበረም፤ አላሸጥም ብሎ ለመማልም አፉ አልታዘዘለትም። መዝገቡን አየ፣ ባዶ እግሩን አየ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ለገበያ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ነይ። ስለ መክፈያው ጊዜ እንነጋገራለን። ጊዜ መስጠት የሚቻለው ባለመብት ሲሆኑ ነው።»

የትናየት መዝገቡን በመሪጌታ ጆንያ ጠቅልላ አቅፋ ወረደች። ከበዳት፤ ብርቅዬ ከኋላ ደርሳ በአንድ ጎኑ ያዘችላት። ከደረጃው ሥር ሲደርሱ አራት ጥንድ ጫማ ነበር የሚጠብቃቸው። የትናየት ጎንበስ ማለት ስላቃታት ብርቅዬ መዝገቡን ተቀብላት፣ ጫማዋን እስክታጠልቅ ድረስ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።